አህያውን ፈርቶ ዳውላውን

በቅርቡ አንድ ሠርግ ላይ ነበርኩ። ምሳው ተበልቶ፣ ሙሽሮቹ ኬካቸውን ቆርሰው፣ ዕድሜው ገፋ ያለው ሰው ወደ ጥግ ጥጉ ሲሰበሰብ፣ ዲጄው አንድ አዲስ ሙዚቃ ለቀቀ። ክራር አለበት፤ ከክራሩ ሥር ደግሞ ደረት የሚደልቅ የኮምፒዩተር ምት አለበት። ወጣቱ በአንድ ጊዜ ብድግ አለ። በእኛ ጠረጴዛ የነበሩ፣ ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው አዛውንት ግን ሁለት ጆሮዎቻቸውን በመዳፋቸው ግጥም አድርገው ያዙና፣ «አሁን ይኼ ሙዚቃ ነው? ወፍጮ ቤት ነው እንጂ! ማሽን ገደለን እኮ። የጥላሁን አገር እንዲህ ትሁን?» አሉ። ከአርባ ዓመት በላይ የሆነው የጠረጴዛው ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። እኔም ነቀነቅሁ።

ያን ጊዜ ነው ከጠረጴዛው ጫፍ የተቀመጠ፣ እስከዚያ ድረስ ሲናገር ያልሰማሁት አንድ ልጅ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ አዲስ የወጣ ዘፈን በገንዘብዎ ገዝተው ያዳመጡት መቼ ነው?» ብሎ የጠየቀው። ጋሼ መልስ አልሰጡም። እኔን አልጠየቀኝም እንጂ ቢጠይቀኝ እኔም መልስ አልነበረኝም። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በዚያ ራስ መነቅነቅ አፍሬ ነው።

«ዘፈንስ ድሮ ቀረ» የሚለው ክርክር በታክሲ ውስጥ፣ በቡና ቤት፣ በሬዲዮ፣ አንዳንዴም በልቅሶ ቤት ሳይቀር የማንሰማበት ቀን የለም። ቃሉ ይለዋወጣል፤ ተከሳሹ ግን ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ማሽን። በ1980ዎቹ «ኪቦርድ» ይባል ነበር። ቀጥሎ «ኮምፒዩተር» ሆነ። ዛሬ «ኦቶቲዩን» ተብሏል። ክሱም ያው ነው፤ ማሽን ነፍስ የለውም፣ ነፍስ የሌለው ነገር ነፍስ ያለው ዜማ አይወልድም። እኔ የምለው ግን ከሳሾቹ ተከሳሽ ተሳስተዋል ነው። የባሰው ደግሞ ትክክለኛውን ጥፋተኛ ያውቁታል። ያውቁታልና አያነሡትም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይኸው ነው።

ለምስክርነት ከሩቅ አገር ልጀምር። ማሽን ሙዚቃን ይገድል እንደሆነ ለማወቅ፣ ከመጀመሪያውም በማሽን የተወለደ ሙዚቃ ምን እንደገጠመው ማየት ይበጃልና።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ በጀርመን፣ በተለይም በፍራንክፈርትና በበርሊን የዳንስ ቤቶች «ትራንስ» የተባለ ሙዚቃ ብቅ አለ። ስሙ በተመስጦ መወሰድን፣ ከራስ መውጣትን ያመለክታል። ትራምፔት ነፊ የለው፣ ከበሮ መቺ የለው፤ መሣሪያው ሲንተሳይዘርና የከበሮ ማሽን ነው። አንድ አጭር ዜማ ሰባት ስምንት ደቂቃ ይደጋገማል፤ በየዙሩ አንድ ነገር ይጨመርበታል፣ አንድ ነገር ይቀነስለታል። መሐል ላይ ምቱ ድንገት ይጠፋና አዳራሹ ትንፋሹን ይይዛል። ከዚያ ምቱ ሲመለስ ሕዝቡ አብሮ ይነሣል። ጃም ኤንድ ስፑን የተባሉት የፍራንክፈርት ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1992 እንደገና ያቀናበሩት «ዘ ኤጅ ኦፍ ላቭ» እስከ ዛሬ ድረስ የዚህ ሙዚቃ አፍቃሪዎች በአክብሮት የሚጠሩት ሥራ ነው።

እንግዲህ ይህ ሙዚቃ ጥርት ያለ የማሽን ልጅ ነው። ታዲያ አፍቃሪዎቹ ምን የሚሉ ይመስላችኋል? «የድሮው ይሻላል» ነው የሚሉት! እ.ኤ.አ. በ1996 ሮላንድ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ጄፒ 8000 የሚባል ሲንተሳይዘር አወጣ። ወፍራም፣ ሰማይ የሚሞላ ድምፅ ነበረው። ድምፁ ተወደደ፤ ስለተወደደም ብዙው ሙዚቀኛ ተሻማበት። የቀድሞዎቹ አፍቃሪዎች «ሁሉም አንድ ሆነ፣ ስኳር በዛበት» እያሉ ማማረር ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ2004 በአቴንስ ኦሊምፒክ መክፈቻ ላይ የየአገሩ ልዑካን ሲያልፉ ሙዚቃ ያጫወተው ቲየስቶ የተባለው የሆላንድ ዲጄ ነበር። ግማሹ አፍቃሪ «ሙዚቃችን ለዓለም ታየ» ብሎ ደስ ሲለው፣ ግማሹ «ስታዲየም ሲገባ ነፍሱ ወጣ» ብሎ አዘነ። ያው ቲየስቶ ከ2009 ወዲህ ከትራንስ ርቆ ወደ ሌላ ስልት ሲሄድ ከሃዲ ያሉት ብዙዎች ናቸው። ቀጥሎም ጠቡ በቁጥር ሆነ። በደቂቃ 138 ያህል ይመታ የነበረው ሙዚቃ ገበያውን ተከትሎ ወደ 128 ሲወርድ፣ «138ን ማን ይፈራል?» የሚል መፈክር እስከመውጣት ተደረሰ።

ከሁሉ የሚያስቀው ደግሞ ይህ ነው። የ1990ዎቹ ሰው የናቀውን የ2000ውን ትራንስ፣ ዛሬ በዚያ ዘመን ወጣት የነበረው ሰው «ወርቃማው ዘመን» እያለ ያለቅስለታል።

ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? ማሽኑ በመጀመሪያም ማሽን ነበር፣ በኋላም ማሽን ነው። እሱ አልተለወጠም። የተለወጠው የሰው ጠባይ ነው። አንድ ድምፅ ሲሸጥ ሁሉም ያንኑ ገለበጠ፤ አዳራሹ ሲሰፋ ትዕግሥቱ ጠበበ። ስለዚህ «ጥራቱ ወረደ» የሚለው እሮሮ አንዳንዴ እውነት ሊሆን ይችላል፤ «ማሽን አወረደው» የሚለው ግን እውነት አይደለም። የማሽን ሙዚቃ ራሱ በማሽን ሊሞትም ሊያብብም ከቻለ፣ የሞቱን ምክንያት ሌላ ቦታ መፈለግ ግድ ይላል።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። እኛ «የእጅ ሙዚቃ» እያልን የምናመሰግነው የቀድሞው ዘፈን በምን መሣሪያ ነበር የተሠራው? በሳክስፎን፣ በትራምፔት፣ በኤሌክትሪክ ጊታርና በኦርጋን። ለመሆኑ ሳክስፎን የጎጃም ነው የወሎ? ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ላይ አግኝተው ያስመጧቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች፣ «አርባ ልጆች» የተባሉት፣ የናስ መሣሪያዎቻቸውን ይዘው ሲመጡ ለአዲስ አበባ ሰው ያ ድምፅ ከዛሬው የኮምፒዩተር ምት ያላነሰ እንግዳ ነበር። እንግዳው ቤተኛ የሆነው ሰው ስለሠራበት ነው። ኬቮርክ ናልባንድያን፣ በኋላም የወንድማቸው ልጅ ነርሲስ ናልባንድያን፣ የእኛን ቅኝት ለእነዚያ መሣሪያዎች እንዲስማማ አድርገው ሲጽፉ፣ ሲያስተምሩና ሲያለማምዱ ዕድሜያቸውን ፈጁ።

ልብ በሉ፤ የዚያ ዘመን ድምፅ ከሰማይ የወረደ አልነበረም። ክብር ዘበኛ፣ ፖሊስ ሠራዊትና ምድር ጦር ኦርኬስትራ ነበራቸው። በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርም እንዲሁ። ጥላሁን ገሠሠ፣ ብዙነሽ በቀለና ማሕሙድ አሕመድ ከክብር ዘበኛ፣ ዓለማየሁ እሸቴና ሒሩት በቀለ ከፖሊስ ኦርኬስትራ ጋር የተነሡት በአጋጣሚ አይደለም። ትራምፔት ነፊው ወር ሲደርስ ደመወዝ ይቀበላል፤ ሥራው ልምምድ ነው። አቀናባሪው ዜማውን በወረቀት ላይ አስፍሮ ለየመሣሪያው ያከፋፍላል። እኛ ዛሬ «ነፍስ» የምንለው ነገር ውስጥ ደመወዝ አለ፣ ልምምድ አለ፣ አቀናባሪ አለ።

በዚያ ላይ ድፍረት ነበረ። ሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ብቻ ተሰጥቶ ሳለ፣ በ1961 ዓ.ም. አምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት የሙዚቃ ነጋዴ «የመጣው ይምጣ» ብሎ ሸክላ ማሳተም ጀመረ። በስድስት ዓመት ገደማ ውስጥ ከመቶ በላይ ትንንሽ ሸክላዎችን አወጣ። ዛሬ ፈረንጅ ሳይቀር የሚያደንቀው ያ ዘመን በአያሌው የቆመው እንዲህ ገንዘቡን ለአዲስ ዘፈን በሚያወጣ ሰው ትከሻ ላይ ነው። ለአዲስ ዘፈን! ያን ጊዜ እነ ዓለማየሁ አዲስ ነበሩ፤ አምሃ የአባቱን ዘመን ዘፈን ብቻ የሚያመልክ ሰው ቢሆን ኖሮ እኛ ዛሬ የምናመልከው አናገኝም ነበር።

ከዚያ ምን ሆነ? የ1966ቱ አብዮት መጣ። አምሃ ብዙም ሳይቆይ አገር ለቆ ወጣ። ሰዓት እላፊ ታወጀና የከተማው ሌሊት ተዘጋ። በየሆቴሉ የሚጫወቱ ባንዶች ማታ ከገባው ሰው ጋር ተቆልፈው እስከ ንጋት የሚጫወቱበት ጊዜ ሆነ። ሳንሱሩ ግጥሙን ያዘ። ብዙ ሙዚቀኛ ተሰደደ። ትልልቁ ኦርኬስትራ ወደ ትንሽ ባንድ፣ ትንሹ ባንድ ወደ አንድ ሰው ወረደ። ኪቦርዱ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ኪቦርድ ነፍሰ ገዳይ ሳይሆን ባዶ ቤት የተከራየ ሰው ነው።

ቤቱን ባዶ ያደረገው ግን ደርግ ብቻ ነው ብዬ ብወጣ እኔም ዳውላ መቺ እሆናለሁ። አሁን ኑዛዜዬን ስሙ።

በ1980ዎቹ ሰፈራችን ውስጥ አንድ ሙዚቃ ቤት ነበር። ባዶ ካሴት ይዘህ ትሄዳለህ፤ የምትወዳቸውን ዘፈኖች በወረቀት ጽፈህ ትሰጣለህ፤ በማግስቱ ተቀድቶ ይጠብቅሃል። ዋጋው ከዋናው ካሴት ዋጋ ግማሽ አይሞላም። እኔ ከዚያ ቤት ደንበኞች አንዱ ነበርኩ። ከሠርጉ መልስ ያንን የካሴት ሣጥን ከአልጋ ሥር አውጥቼ ቆጠርኩ። ስድሳ አራት ካሴት አለኝ። የዘፋኙ ፎቶግራፍ ያለበት፣ ታትሞ የተሸጠ ዋና ካሴት ዘጠኝ ነው። ሃምሳ አምስቱ በራሴ እጅ ጽሕፈት «ምርጥ ቁጥር 1»፣ «ምርጥ ቁጥር 2» እየተባሉ የተሰየሙ ግልባጮች ናቸው። ከእነዚያ ሃምሳ አምስት ካሴቶች ዘፋኙም፣ ገጣሚውም፣ ከበሮ መቺውም አንዲት ሳንቲም አላገኙም። ሙዚቃ አፍቃሪ ነበርኩ እኮ!

እስቲ አሁን በአሳታሚው ቦታ ሆናችሁ አስቡት። ካሴቱ ወጥቶ ሳይውል ሳያድር ተገልብጦ በየሰፈሩ እንደሚሸጥ ታውቃላችሁ። ወጪ መቀነስ አለባችሁ። ከምን ትቀንሳላችሁ? ከዘፋኙ አትቀንሱም፤ ፊቱ ሽፋኑ ላይ ነው። የምትቀንሱት ማንም ስሙን ከማይጠይቀው ነው። መጀመሪያ ትራምፔት ነፊው ይሄዳል። ቀጥሎ ሳክስፎኑ። ከዚያ ከበሮ መቺው፣ ቤዝ ጊታር ተጫዋቹ። በመጨረሻ አቀናባሪው። የሚቀረው አንድ ሰው ከአንድ ኪቦርድ ጋር ነው፤ እሱም የስቱዲዮው ሰዓት ሳይሞላ ዘፈኑን ጨርሶ ወደሚቀጥለው ማለፍ አለበት። ማሽኑን በር ከፍተን ያስገባነው እኛ ነን። ካስገባነው በኋላ ነው «ማን ጠራው?» ብለን የጮኽነው።

ሕግ መጣ፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ወጣ። ልማዱ ግን ካሴቱን ጥሎ ሲዲ፣ ሲዲውን ጥሎ ሚሞሪ እየያዘ አብሮን መጣ። ዛሬም አዲስ አልበም ወጣ ሲባል የብዙዎቻችን የመጀመሪያ ጥያቄ «የት ይገዛል?» ሳይሆን «ማን ጋ አለ?» ነው።

ለከሳሾቹ የሚገባቸውን አልነፍግም። በኪቦርድ ዘመን የወጡ ብዙ ካሴቶች ቀጫጫ ነበሩ። ኪቦርዱ ትራምፔት ለመምሰል ሲታገል መስማት ያሳፍር ነበር። ያው የችክችካ ምት ከዘፈን ወደ ዘፈን ሳይለወጥ ሲዘዋወር ሰልችቶናል። ዛሬም ያልተለማመደ ድምፅ በኦቶቲዩን ተሸፍኖ ሲቀርብ ጆሮዬን ያመኛል። ይህን ሁሉ እቀበላለሁ። ግን ይህ ሁሉ የማሽን ጥፋት ቢሆን ኖሮ፣ በማሽን የሠራ ሰው ሁሉ አይረባም ነበር።

ኃይሉ መርጊያን ተመልከቱ። የዋልያስ ባንድ ኦርጋኒስት፣ አዲስ አበባ ሒልተን ሌሊቱን ሲያስጨፍር የኖረ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 ከባንዱ ጋር ወደ አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ። በ1985 ዋሽንግተን አካባቢ ብቻውን ስቱዲዮ ገብቶ አኮርዲዮኑን፣ ኪቦርዶቹንና የከበሮ ማሽኑን ይዞ አንድ ካሴት ሠራ። ባንድ የለ፣ ትራምፔት የለ። የቀድሞ ዘመን አፍቃሪ ሊንቀው የሚገባው ዓይነት ሥራ ነው። ያ ካሴት እ.ኤ.አ. በ2013 አሜሪካ ውስጥ እንደገና ሲታተም ዓለም አደነቀው፤ እስከዚያ ድረስ በታክሲ ነጂነት ይተዳደር የነበረው ሰው ወደ መድረክ ተመለሰ። በዚያ ካሴት ውስጥ ያለው የከበሮ ማሽን አንድ ዓይነት ምት ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ከላዩ ያለው እጅ ግን ዕድሜውን ሙሉ የተለማመደ እጅ ነው። ልዩነቱ ይኸው ነው። ካሴቱንም ለማደስ የተነሣው አሜሪካዊ ሰብሳቢ እንጂ «የድሮ ሙዚቃ አፍቃሪ ነን» የምንለው እኛ አልነበርንም።

ከቅርቡም ልጥቀስ። ሚካኤል ሰይፉ እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው «ዘላለም»፣ እንደገና ሙሉ «ኢትዮጵያን ሪከርድስ» በሚል ስም የሠራቸው ሥራዎች፣ ሮፍናን በ2018 ያወጣው «ነጸብራቅ» የእኛን ድምፅ ከኮምፒዩተር ጋር ያጋቡ ናቸው። ሁሉንም ወድጄያቸዋለሁ አልልም። አንዳንዱ ረዝሞብኛል፣ አንዳንዱ ጮኾብኛል። ነገር ግን ተቀምጦ እንዳሰበበት ሰው ሥራ ያስታውቃሉ። በወፍጮ ቤት አይመሰሉም።

«እኛ እኮ ጥራት ነው የምንለው» ይሉኛል ከሳሾቹ። መልካም፤ እስቲ ራሳችንን እንፈትን። ከምትወዷቸው የድሮ ዘፈኖች አምስቱን ጥሩ። አሁን የአንዱን አቀናባሪ ስም ንገሩኝ። ሳክስፎን የተጫወተውንስ? እኔ ከአምስቱ የአንዱን ብቻ ነው የማውቀው፤ እሱንም በቅርቡ ነው ያነበብኩት። የማናውቀውን ሰው ሥራ እንዴት ነው የምንከራከርለት? እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ የምንወደው ሙዚቃውን ብቻ አይደለም፤ ሙዚቃው ሲወጣ የነበረንን ጉልበት፣ የነበረችንን ወዳጅ፣ ያልሸበተውን ጠጉራችንን ነው። ይህ ነውር የለበትም። ነገር ግን ትዝታ ቅኝት ነው እንጂ ፍርድ ቤት አይደለም። ትዝታ ዳኛ ሲሆን ገና ያልተወለደው ዘፈን ሳይሰማ ይፈረድበታል።

ይፈረድበታል ማለቴ ለነገር ማሳመሪያ አይደለም። ወጣቱ ዘፋኝ በሠርጋችን ላይ ማይክሮፎን ሲይዝ «የጥላሁንን በል» እንለዋለን። በምሽት ክበብ «የማሕሙድን በል» እንለዋለን። የራሱን ሲጀምር ወደ ሥጋችን እንዞራለን። የሽልማቱ ብር ግንባሩ ላይ የሚለጠፍለት የሌላ ሰው ሲሆን ነው። በዚህ ዓይነት ሃያ ዓመት ካኖርነው በኋላ «የራሱ ቀለም የለውም» እንለዋለን። ቀለሙን ማን ከለከለው?

ለወጣቶቹም አንድ ነገር አለኝ፤ ለእነሱም ልላላላቸው አልፈልግም። የጀርመኑን ትራንስ ያደከመው ማሽን ሳይሆን ሁሉም የተሸጠውን አንድ ድምፅ መገልበጡ ነው ብያለሁ። እናንተም ክራር ቆርጦ ከምት ላይ መለጠፍ ብቻውን ሥራ መስሎ ከታያችሁ፣ ነገ «ሁሉም አንድ ሆነ» የሚሏችሁ ሽማግሌዎች ሳይሆኑ የራሳችሁ እኩዮች ይሆናሉ። ክራር መቺውን አግኙት፤ አብራችሁት ተቀመጡ፤ ስሙንም ጻፉለት፤ ክፈሉትም።

ሠርጉ ሊበተን ሲል ልጁን ፈልጌ፣ ያ ጋሼን ጆሯቸውን ያስያዛቸው ሙዚቃ የማን እንደሆነ ጠየቅሁት። ነገረኝ፤ በጥሪ ወረቀቱ ጀርባ ላይ ጻፍኩት። በማግስቱ ገዛሁት። ስሰማው ግማሹን ወደድኩት፣ ግማሹ አልገባኝም። ለዓመታት ከአዲስ ዘፈን ጋር የነበረኝ የመጀመሪያው ቀጥተኛ ጠብ ነበርና ደስ አለኝ። ቢያንስ ከፍዬ ነው የተጣላሁት።

ጋሼንም በሌላ ቀን አግኝቻቸው፣ የልጁን ጥያቄ አስታወስኳቸው። «አንተ ልጅ፣ አሁንም አልተውከኝም?» ብለው ሣቁ። እኔም አልተውኳቸውም፤ ራሴንም አልተውኩትም። ዳውላውን መደብደቡ ይብቃን። አህያው እኛው ነን።